የተሞሉ ጉድጓዶች

የጋራዡ መቀርቀሪያ በካቻቢቴ ተፈትቷል። አልተሰበረም።

ሳጅን ኔል ትራስኮት ተንበርክካ አየችው። አራቱም ብሎኖች የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። ውስጥ የጀልባው ሞተር አለ፤ መጋዙ አለ፤ አዲሱ መሰርሰሪያ ከነካርቶኑ አለ። የጎደለው ከግድግዳው ላይ ነው። ሁለት ማንጠልጠያና በመካከላቸው አቧራ ያልያዘው ረጅም ቅርጽ ብቻ ቀርቷል።

«የዋልትን ብረት መፈለጊያ ነው የወሰዱት» አለች ኦዳ ፕሩዊት በሩ ላይ ቆማ። የሟች ባሏን የዋልትን ሹራብ እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳለች። «ሞተሩን ቢወስዱ እኮ ተሸክሜ አግዛቸው ነበር።»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት፣ ዕቃ ሳሽግ። ኔሊ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ። ልጄ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መኪና ይዛ ትመጣለች። ቤቱ ተሽጧል፤ ዕቃው ተሰጥቷል። ወደ ኦሃዮ ይዤው ልሄድ ያስቀረሁት እሱን ብቻ ነው።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

«ሌላ የጎደለ የለም?»

ኦዳ መደርደሪያውን በዓይኗ ዞረችው። «ቻርጀሩ። ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ኋላ ነበር።»

ኔል ጻፈች። መሣሪያውን እንዲገልጹላት መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ኦዳ አሮጌው የጀልባ ማቆሚያ መድረክ አጠገብ ስትዋኝ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ ባሕር ገባ። ዋልት በዚያው ክረምት ጋራዥ ገብቶ በሩን ዘጋ። በጸደይ ሲወጣ ብረት መፈለጊያ ይዞ ወጣ፤ አሸዋው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምት እየላከ የሚመለሰውን የሚያዳምጥ፣ ፐልስ የሚሉት ዓይነት። ጨዋማ እርጥብ አሸዋ ላይ የሌሎቹ ሲያብድ የእሱ ጸጥ ይላል። ብረት ያለበት ጥቁር አሸዋም አያሳስተውም። ከጥልቅ ይሰማል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሚስማርና ወርቅ አይለይም። ከጮኸ መቆፈር ነው።

ኔል ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ሰዎች፣ ዋልትና ጓደኞቹ፣ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው፣ መፈለጊያቸውን ይዘው በአንድ መስመር ከውኃው ዳር ይሄዳሉ። አባቷ ከግራ ሁለተኛው ነው። እሷ የባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ተቀምጣ ዶናት ትበላለች፤ ጭጋጉ ውስጥ ሲገቡ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። አንዱ አንዱን ሲሰድብ፣ ሌላው ሲስቅ። እስካሁን ድረስ የእርጥብ ጎማ ሽታ ሲመጣባት ቅዳሜ ይመስላታል።

«ማን ፈልጎት ያውቃል?»

«ያ ላይል ባስኮም። አሮጌ መሣሪያ እየዞረ የሚገዛው። ሁለቴ መጣ፣ ሁለቴም በሩን ዘጋሁበት። ኤሜትም እሑድ ‹አውሺኝ› ብሎኝ ነበር። እሱንም እንቢ አልኩት። ግን ኤሜት እኮ የቤት ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከነዋልት ጋር የሚሄድ የነበረ፣ የዋልትን የሬሳ ሣጥን የተሸከመ ሰው።»

ላይል ባስኮም በባሕሩ ዳር መኪና ማቆሚያ፣ ነጭ ቫኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የእንቁላል ሳንድዊች ይበላ ነበር። ኔል ስትጠጋ አልተነሣም።

«ገና ቁርሴን ሳልጨርስ ልታስሪኝ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከዚህ ሁሉ እብድ ጋር።» በሳንድዊቹ ወደ ባሕሩ ጠቆመ። የሰሞኑ ማዕበል ካለፈ ወዲህ አሸዋው ላይ መፈለጊያ የያዘ ሰው በዝቷል። «ምን ጠፋ?»

«የዋልት ፕሩዊት ፐልስ።»

ማኘኩን አቆመ። «ያ የመፈለጊያውን ክብ ሳህን ከእራት ሳህን የሠራው?»

«ቫኑን ክፈተው።»

ከፈተው። አሥራ አንድ መሣሪያዎች ተደርድረዋል። ከኋላ፣ ብርድ ልብስ ሥር፣ በቤት የተሠራ ረጅም ዘንግ አየች። ብርድ ልብሱን ገለጠች። እጀታው ላይ የሌላ ሰው ስም ተቀርጿል፤ የሌላ ከተማ፣ የሌላ ሟች።

«ከሚስቱ ነው የገዛሁት፣ ደረሰኝ አለኝ» አለ ላይል። ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር። «ስሚኝ ሳጅን። እኔ ለግድግዳ ነው የምፈልጋቸው። ሰው በእጁ የሠራው ነገር ሲጣል አልወድም። ቻርጀሩስ አለ?»

«እሱም ተወስዷል። ከሌላ መደርደሪያ።»

«እንግዲያው ሌባሽ ሊሰቅለው አይደለም። ሊሠራበት ነው። ቻርጀሩ የት እንዳለም ያውቃል።» ሳንድዊቹን አነሣ። «ከእንዲህ ያለ ማዕበል ማግስት የት እንደሚሠራበት ደግሞ እኔ አልነግርሽም። የዚህ አገር ልጅ አንቺ ነሽ።»

የሰሜን ምሥራቁ ማዕበል ሦስት ቀን ነፍሶ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አሸዋ ጠርጎ ወስዷል። አሮጌው መድረክ ከፈረሰ ቆይቷል፤ አሁን ግን የምሶሶዎቹ እግር ወጥቷል። ኔል ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻቸው ወጣት ሳለች ነው። ባሕሩ በየሞገዱ አሸዋውን እየመለሰ ነው። እሑድን አያልፍም፣ ተመልሰው ይቀበራሉ።

ከከተማ የመጡት ፈላጊዎች በየቦታው ቆፍረው በየቦታው ትተውታል። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ እግሯ ሊገባ ለጥቂት ተረፈች።

«ይሄን ማን እንዲሞላልህ ነው?» አለችው በአቅራቢያዋ ላለው ጎረምሳ።

«ባሕሩ!» ብሎ ሳቀ። «ደሞዝ ይከፈለው የለ!»

አባቷ ቢሰማ ኖሮ በአካፋው ይመታው ነበር። የስምንቱ ሰዎች ሕግ ሁለት ነበር፦ ጉድጓድህን ሙላ፤ ቆሻሻህን ይዘህ ሂድ።

ወደ ምሶሶዎቹ ሄደች። እዚያ ማንም የለም፤ ጉድጓድም የለም። የመድረኩ ሚስማር ስለበዛበት የቦታው ክፋት የታወቀ ነው። አሸዋው እንደ አልጋ ልብስ ልሙጥ ነው።

ረገጠችው። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠ።

ሁለት እርምጃ ሄደች። እንደገና ሰመጠ። ያልተነካ እርጥብ አሸዋ ጠንካራ ነው፤ አይሰምጥም። ቀጥ ብላ ሄደች፣ ተመለሰች። ከሦስተኛው ምሶሶ ጀምሮ፣ በመስመር፣ በእኩል ርቀት፣ ሰው ቆፍሮ ቆፍሮ አንድ በአንድ ሞልቶታል፤ በጫማው ሶል አስተካክሎታል። ተንበርክካ በእጇ ጫረች። አንድ ሚስማር አላገኘችም። እዚህ ቦታ ሚስማር ማጣት ከባሕር ውኃ ጨው ማጣት ነው። ሰውየው እያንዳንዱን አውጥቶ ይዞ ሄዷል።

እንደተንበረከከች ስምንቱን በልቧ ቆጠረች። ከስምንቱ ስድስቱ መቃብር ውስጥ ናቸው፤ አባቷም ዋልትም። ሰባተኛው ፍሎሪዳ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው። እዚህ የቀረው አንድ ሰው ነው። እንዳልገባት ሆና ትንሽ ብትቆይ ደስ ባላት ነበር።

ኤሜት ክሮል ሳታንኳኳ በሩን ከፈተላት። እጁ ተላልጧል። በረንዳው ላይ ባልዲ አለ።

እንደ ልጅነቷ «አጎቴ» ልትለው ነበር። ተወችው።

«ሚስተር ክሮል፣ ባልዲው ውስጥ ምንድን ነው?»

«ሚስማር።»

«ከየት?»

«አውቀሽ ነው የመጣሽ፣ ኔሊ።»

«መሣሪያው የት ነው?»

«ወጥ ቤት። ቻርጅ ላይ።» በሩን ገፋ አድርጎ አሳያት። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ ተቀምጧል። «አልጎዳሁትም።»

«የራስዎ መሣሪያ አለዎት።»

«የእኔ ጨዋማ አሸዋ ላይ እንደ ሕፃን ነው የሚጮኸው። ያን ያህል ጥልቅ የሚሰማ የእሱ ብቻ ነው።»

«ምን ፈልገው?»

ኤሜት ባልዲውን በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋው።

«ለምን እንደፈለጉት ቢነግሯቸው ሚስስ ፕሩዊት ይሰጡዎት ነበር።»

«ልነግራት ስላልቻልኩ ነው የሰረቅኩት።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ዛሬ ከዚያም በላይ ይመስላል። «ቀለበቷን አግኝቼው ነበር።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ። ዋልት የሳምባ ምች ይዞት ተኝቷል፤ ብቻዬን ወጣሁ። ሦስተኛው ምሶሶ ሥር። ውስጡ ስማቸው አለ። አካፋው ውስጥ ከሁለት ሚስማር መካከል ቁጭ ብሎ አየሁት።»

«ከዚያስ?»

«ያን ዓመት ሚስቴ ግሎሪያ ጥላኝ ሄዳለች። ያለኝ ነገር ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ‹ይሄን ካገኘሁ ቦት ጫማዬን እሰቅላለሁ፣ ፍለጋ በቃኝ› ይል ነበር ዋልት፣ ሁልጊዜ። እኔም እዚያው መለስኩት። ክንድ በሚያህል ጥልቀት ቀበርኩት። ሲድን ወስጄው ራሱ ያገኘዋል፤ እስከዚያ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ቢጨመርልኝ ብዬ።» አፉን በእጁ ጠረገ። «በሳምንቱ ማዕበል መጣ። አሸዋ አምጥቶ ጫነበት፣ ከቁመቴ የሚበልጥ። ከዚያ ወዲህ ያ ቦታ በዚህ ማዕበል ገና ነው የተገለጠው። ሌሊቱን ስቆፍር አደርኩ፤ አላገኘሁትም።»

«ይህን እያወቁ ሃያ ዓመት ከዋልት ጎን ሄዱ።»

«ሃያ ዓመት። ‹ዛሬ ይሰማኛል ኤሜት› ይለኝ ነበር።»

ኔል መሣሪያውን ከነፎጣው አነሣችው። «ለእኔ የነገሩኝን ለሚስስ ፕሩዊት ይነግሯቸዋል። እኔ ባለሁበት።»

ኦዳ ካርቶኖቿ መካከል ቆማ ሰማችው። መሣሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አልነካችውም። ኤሜት ሲጨርስ የሹራቡን እጅጌ እንደገና ጠቀለለች።

«‹አብረሽኝ ነይ› ይለኝ ነበር ዋልት» አለች። «ሁልጊዜ ቅዳሜ። እኔ ምን እለዋለሁ? ‹ስታገኘው ጥራኝ›። ቀልድ ነበር። ከዚያ ቀልዱ ልማድ ሆነ። አንድም ቀን አልሄድኩም፣ ኤሜት። አንተ ግን ሄድክ።»

«ኦዳ—»

«አትጥራኝ።» ወደ ኔል ዞረች። «ይሄ ወንጀል ምን ይባላል?»

«ያለፈቃድ ጋራዥ መግባትና ስርቆት ነው። ዕቃው ተመልሷል። መክሰስ ካልፈለጉ—»

«እሱን አይደለም። ሌላውን።»

«ሌላው በሕግ ስም የለውም፣ ሚስስ ፕሩዊት።»

ኦዳ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደዚያ መሆኑን ቀድማ ያወቀች ትመስላለች። «ክሱን ሐሙስ ጠዋት እነግርሻለሁ። ባሕሩ የሚሸሸው መቼ ነው?»

ኤሜት ነው የመለሰላት። «ከግማሽ ሰዓት በኋላ።»

«መሣሪያውን አንሣው።»

ኔል መኪናዋን ነድታ ባሕሩ ዳር አወረደቻቸው። ፀሐይዋ ወደ ቤቶቹ ጣሪያ ዘንበል ብላለች፤ ከከተማ የመጡት ወደየመኪናቸው እየተመለሱ ነው። ኤሜት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሌሊት ካቆመበት፣ ከአራተኛው ምሶሶ ጀመረ። ሳህኑን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ አሮጌው ዘመን።

ቆመ። ረጅሙን፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳውን አካፋ አሸዋው ውስጥ ሰካና አወጣው። ጎንበስ ብሎ ውስጡን ሊያይ ሲል ኦዳ ከነጫማዋ ውኃው ውስጥ ገባች። ሞገዱ እስከ ጉልበቷ መታት። ኔል እንደ ልጅነቷ ግንቡ ላይ ተቀመጠች።

ኦዳ አካፋውን ከእጁ ወሰደችው።

«አንተ ቆፍር» አለችው። «የማየው እኔ ነኝ።»

አሸዋውን በውኃው አጥባ ዝገት የበላው ሚስማር አወጣች፤ በሹራቧ ኪስ ከተተችው። እሱ ጉድጓዱን በእግሩ ሞላ። ከዚያ ሁለቱም፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ።