የእትዬ የመዝጊያ ንግግር

ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተሯ በሆቴሉ የጓሮ ደረጃ ግርጌ ቆማ አስከሬኑን ትመረምር ነበር። ቆማ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ አንዴ ትወጣለች፣ አንዴ ትወርዳለች፣ አንዴ ትንበረከካለች። ባልደረቦቿ «ቁንጥንጧ» ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ወንበር ላይ አትበረክትም።

ሟቿ ጉባኤተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው አንጋፋ ደራሲ ናቸው። ሰላሳ ስምንት የፍቅር ልቦለድ ጽፈው፣ የስንቱን ተፋቃሪ በወረቀት ላይ አጋብተው፣ የሦስት ቀኑን የፍቅር ልቦለድ ደራሲያን ጉባኤ ዛሬ በንግግር ሊዘጉ ነበር። አሁን በጀርባቸው ተዘርግተዋል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው። በዙሪያቸው በኮምፒውተር የተጻፉ አራት ወረቀቶች ተበትነዋል።

«እያነበቡ ሲወርዱ እግራቸው ከድቷቸው ነው» አለ ሃምሳ አለቃው ወረቀቶቹን ለቅሞ በላስቲክ እያሸገ።

«አሥራ ስድስት ደረጃ ተንከባለው መነጽራቸው ሳይወልቅ?»

ሃምሳ አለቃው ወደ መነጽሩ ጎንበስ ብሎ አየ።

ኢንስፔክተሯ የሟቿን ቀኝ መዳፍ ገለበጠችው። ኖራ ለብሷል። ወደ ላይ ሮጣ ወጣች። በቅርቡ ኖራ በተቀባው የኮሪደር ግድግዳ ላይ ከእትዬ ክፍል በር የጀመረ የእጅ መስመር በወገብ ከፍታ ይሄዳል፤ ወደ ደረጃው ይታጠፍና አራተኛው እርከን ላይ ይቋረጣል።

«አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳል» አለ ሃምሳ አለቃው ከታች። «ደራሲዎቹ እንሂድ እንሂድ እያሉ ነው። ሌላ ሰው ካላገኘን የእህታቸውን ልጅ ይዘን መሄዳችን ነው። አንድ ክፍል ነው ያደሩት፤ ትናንት አመሻሽ ላይ ሲጣሉም ተሰምቷል።»

የእህታቸው ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት፣ አሁን ጽሑፋቸውን የምትተይብላቸው፣ ክንዳቸውን ይዛ ከጎናቸው የማትጠፋ ልጅ ናት።

«'ይህን ካደረግሽ አበቃልን' ብለሻቸዋል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«ምን ሊያደርጉ ነበር?»

«አልናገርም። ራሷ ከመድረክ ላይ እስክትናገረው ድረስ ትንፍሽ ላልል ምያለሁ።»

«እሳቸው እኮ የሉም፣ እህቴ።»

«መሐላዬ ግን አለ።»

«ዝምታሽ እስር ቤት ያስገባሻል።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ብቻዋን የትም አትሄድም ነበር። ዛሬ እንቅልፍ ጥሎኝ…»

ኢንስፔክተሯ ፊቷ በርከክ አለች። «የሚያስከፋቸው ሰው ነበር?»

«የደራሲያን ማኅበሩ ሊቀ መንበር የጻፈውን ተሸላሚ መጽሐፍ ባለፈው ወር ጀምራ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተወችው። 'ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ' አለችና ቀኑን ሙሉ ስትበሳጭ ዋለች።»

የእትዬ አሳታሚ ስልኩን ከእጅ እጅ እያገላበጠ ገባ። «እንደ እትዬ ያለ ሰው የት ይገኛል! ትናንት የአዲሱን መጽሐፍ ሽፋን ባሳያቸው 'አንተ ንገረኝ እስቲ፣ ካንተ አፍ ሲሆን ደስ ይለኛል' አሉኝ። ጨዋታ ይወዳሉ።»

ቀጥላ የገባችው ዘንድሮ የመጀመሪያ መጽሐፏን ያሳተመች አስተማሪ ናት። «መጽሐፌን ስሰጣቸው አሸተቱት። 'የመጀመሪያውን ገጽ አንብቢልኝ' አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። መሃል ላይ እጄን ያዙና 'ከስምንት ዓመት በፊት ለማኅበሩ ውድድር ልከሽ ነበር?' አሉኝ። ልኬ ነበር፣ ወድቋል አልኳቸው። 'አንድ ጧት ብቻ ታገሺኝ' አሉኝ።»

ሊቀ መንበሩ ከረባቱን እያስተካከለ ገባ። አምና በፍቅር ልቦለዱ የተሸለመ፣ ይህንኑም ማንም እንዲረሳው የማይፈቅድ ሰው ነው።

«ሃያ ዓመት አብረን ውድድር ዳኝተናል። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ንግግራቸውን ልመልስላቸው በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር።»

«ንግግሩ እርስዎ ጋ ምን ያደርግ ነበር?»

«የተናጋሪዎችን ጽሑፍ ሁሉ ቀድሜ አያለሁ፤ ደንባችን ነው። የእሳቸውን ትናንት ማታ ከእጃቸው ተቀበልኩ። ግሩም ንግግር ነው! እዚያው በሩ ላይ መነጽራቸውን አደረጉና ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። በእስክሪብቶም አረሙት። ከዚያ እንዳቀረቀሩ ወደ ደረጃው ሄዱ። 'ረቂቄን የማርመው እየተራመድኩ ነው' ብለው በየመጽሐፋቸው መግቢያ ጽፈው የለ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፍሌ ከጎናቸው ነው። የልጅቷ የትናንቱ ጩኸት ግን አላማረኝም።»

ሲወጣ ኢንስፔክተሯ ክፍሉን አራት ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ለሃምሳ አለቃው እጇን ዘረጋች።

«ወረቀቶቹን። ማን አነበባቸው?»

«ማን ያነባቸዋል? ማስረጃ ናቸው።»

ማንበብ ጀመረች። ጧቱን ሙሉ አልረጋ ያለው እግሯ ባለበት ቀጥ አለ።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ውጪ የአውቶቡሱ ሞተር ይንጎራጎራል፤ ሻንጣ ይገፋል፣ ወንበር ይንጫጫል። ኢንስፔክተሯ በመደዳዎቹ መካከል እየተመላለሰች ጀመረች።

«እትዬ ከበራቸው ጀምሮ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሄዱት። በጠራራ ብርሃን ግድግዳ የሚዳብስ ማን ነው? ሽፋን ሲያሳዩአቸው 'ንገረኝ' አሉ። መጽሐፍ ሲሰጧቸው 'አንብቢልኝ' አሉ። ሁለት ሰዎች ሳያውቁት አንድ ነገር ነገሩኝ። 'ሲያነቡ አየኋቸው' ያለኝ ግን ከሁላችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ምኑ ነው የሚገርመው?» አለ ሊቀ መንበሩ ተነስቶ። «መግቢያቸው ላይ አለ እኮ!»

«መግቢያውንስ አንብበዋል። ንግግሩን?»

«ግሩም ነው አልኩዎ!»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቶቹን ለእህታቸው ልጅ ሰጠቻት። «ከእትዬ አጠገብ የተገኙት እነዚህ ናቸው። መሐላሽ ከመድረክ እስኪነገር ድረስ ነበር አይደል? መድረኩ ያውና።»

ልጅቷ ወረቀቶቹን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጣች።

«'ወዳጆቼ፣ ድምፃችሁን እሰማለሁ እንጂ ፊታችሁን አላይም። አንዲት መስመር እንኳ ካነበብኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። መነጽሬ ለወጉ ነው። እያነበበች፣ እየጻፈች፣ ስሳሳት እያረመች እዚህ ያደረሰችኝ ይህች ልጅ ናት። በሚቀጥለው መጽሐፌ ላይ ስሟ ከስሜ ጎን ይወጣል።'»

አሳታሚው ስልኩን ማገላበጥ ተወ።

«አላነበብኩትማ!» አለ ሊቀ መንበሩ። ቃሉ ካመለጠው በኋላ ነው የደነገጠው።

«አላነበቡትም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለዚህ ነው ማየት እንደማይችሉ የሚናገረውን ወረቀት ራሱን አጠገባቸው በትነው፣ ሲያነቡ ወደቁ ሊያሰኙ መነጽራቸውን ያጠለቁላቸው። ይህች ልጅ ብትሆን ኖሮ እንዲህ አታደርግም፤ ታውቃለቻ። እርስዎ ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት የዚህችን አስተማሪ የውድድር ጽሑፍ ነው። ጣሉትና ከዓመታት በኋላ በስምዎ አወጡት። እትዬ ያኔ በዓይናቸው አንብበውት ነበር፤ ዘንድሮ በጆሯቸው አወቁት።»

አስተማሪዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ሊቀ መንበሩ ግን ተቀመጠ።

«'ከኔ በፊት ወጥተህ ራስህ ተናገር፤ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ' አሉኝ» አለ ወለሉን እያየ። «ጥለውኝ ሲሄዱ… ገፋኋቸው።»

ሃምሳ አለቃው ሊወስደው ሲጠጋ ልጅቷ ከመድረኩ ላይ «ቆይ» አለች። የመጨረሻውን ገጽ ወደ ብርሃኑ አስጠግታለች። ግርጌው ላይ በእጅ የተጻፈ፣ እየተጣመመ የታተመው መስመር ላይ የወጣ ጽሑፍ አለ፤ ሊቀ መንበሩ እርማት የመሰለው።

«ይህን እኔ አልተየብኩትም» አለች። ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«'ስሟ እንዳይወጣ እየተጣላችኝ ነው፤ አንባቢ ይሸሸናል ትላለች። ስጠራት እምቢ ትላለች። እናንተ አጨብጭቡላት፣ ትነሳለች።'»

መጀመሪያ ያጨበጨበችው አስተማሪዋ ናት። አሳታሚው ስልኩን ኪሱ ከቶ ተከተላት፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ልጅቷ ግን ቀድሞውንም ቆማ ነበር፤ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ እንደያዘች መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ውጪ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። የሚነሳ ሰው አልነበረም፤ ኢንስፔክተሯም ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች።