የሦስተኛዋ ምስክር ቃል

ላቀው ቴፑን ሲከፍት ስም፣ ዕድሜና ቀን ያስነግርና ወዲያው «አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» ብሎ ይጠይቃል። ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን ሳይጠይቅ ከምስክር ፊት አይነሳም፤ ተማሪዎቹንም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በዚህ ጉዞ ግን ሁለት ጊዜ ረሳው። ምን ይደረግ፣ ነገሩ የገዛ አያቱ ጉዳይ ነበር።

አያቱ ባላምባራስ ዘገየ በኅዳር በሽታ ጊዜ የዚህ ቆላ ሹም ነበሩ። ያኔ አርባ ሕመምተኞች አንድ ዋሻ ውስጥ አለቁ። ግማሹ አገር በሽታው ፈጃቸው ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባላምባራስ ከነነፍሳቸው በድንጋይ አስደፈኑባቸው ይላል። ላቀው እውነቱን ሊያጣራ መጣሁ ቢልም፣ እንዲያው ሐቁን እናውራ ካልን፣ የመጣው ያሳደጉትን ሰው ስም ሊያነጻ ነው።

የመጀመሪያው ሽማግሌ «በየማለዳው እህልና ውሃ ያስገቡላቸው ነበር፤ የመጨረሻው ሰው ሲሞት ደጁ ላይ ቆመው አለቀሱ» አሉት። ሁለተኛውም እንዲሁ አሉ። ላቀው ደስ ብሎት ማታውን ቴፑን ቢያዳምጥ ከሽማግሌዎቹ ድምፅ ሥር ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲጎተት የሚመስል ነገር ሰማ። የካሴቱ ብልሽት ነው ብሎ ተወው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሦስተኛዋ ምስክር እማማ ይርገዱ ቤት ገባ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ውስጡ ግን መስኮት የሌለው፣ ዝናብ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖት ሳለ የረጠበ አለት የሚሸት፣ በጨለማው ውስጥ የአሮጊቷ ትንፋሽ ብቻ የሚሰማበት ቤት ነበር። ፀጉራቸው ላይ ነጭ ትቢያ ተኝቷል። ጣቶቻቸውን አየ፤ አንድም ጥፍር የላቸውም።

«በየማለዳው እህልና ውሃ ያስገቡላቸው ነበር» አሉ። «የመጨረሻው ሰው ሲሞት ደጁ ላይ ቆመው አለቀሱ።»

አንድ ነገር ያዩ ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት ያወራሉ፤ አንዱ ቀኑን ይስታል፣ ሌላው ይጨምራል። ቃል በቃል የሚገጥም ምስክርነት የሚወጣው ከአንድ አፍ ነው። ላቀው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ባያውቅ ይሻለው ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ድንጋይ ሲጎተት ተሰማው፤ ቴፑ ግን ገና አልተከፈተም።

«እማማ፣ ይህን አይተው ነው ወይስ ሰምተው?»

«ሰምቼ ነው፣ ልጄ።»

«ከማን?»

«ከአያትህ። ትናንት እዚሁ አንተ የተቀመጥክበት ተቀምጦ፣ የልጅ ልጄ ሲመጣ እንዲህ በይው አለኝ።»

«አያቴ ከሞቱ እኮ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። እሺ፣ እርስዎ ራስዎ ያዩትስ?»

አሮጊቷ ወደ በሩ አየት አደረጉና ጥፍር አልባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አኖሩ።

«ያየሁትንማ ከነገርኩህ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ወደ ዋሻው ይመልሰኛል።»