ሦስተኛዋ ፎቶ

ንቢት አሥር ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከብስክሌት ጠጋኙ አባቷ ሱቅ በላይ፣ ደረጃው ሲወጡት በሚንቋቋ ቤት ውስጥ ነው። ንቢት የቤት ስሟ ነው፤ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማትችል አባቷ ነው ያወጣላት።

የንቢት ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ከቤት መውጣት የማይችሉ አረጋውያንን ፎቶ አንስተው ሩቅ ላሉ ልጆቻቸው ሊልኩላቸው አሰቡ። የመጀመሪያዋ እማማ መርፌ ናቸው። እማማ መርፌ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል፤ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን ከአልጋ አልወረዱም። መርከበኛው ልጃቸው ፊታቸውን ካየ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ለዚህ ካሜራ ያስፈልጋል። ልጆቹ ያጠራቀሙት ገንዘብ ደግሞ ለአንድ ካሜራ ብቻ ይበቃል። ተሳስተው ቢገዙ ሌላ የለም።

የሰፈሩ ፎቶ ቤት ባለቤት ጋሽ ብልጭታ ያገለገለ ትልቅ ካሜራቸውን ሊሸጡላቸው ፈቀዱ። ብልጭ የሚለው መብራቱ እንደማይሠራ ሳይደብቁ ተናገሩ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህርት ካሜራውን ተውሰው ለንቢት ሰጧት።

«አንድ ከደጅ፣ አንድ የሰው ፊት፣ አንድ ደግሞ ጨለም ካለ ክፍል፤ ሦስት ፎቶ አንስተሽ ነይ። አይተን እንወስናለን» አሏት።

በዚያ ቀን የንቢት እግር መሬት አልነካም። ደጅ ወጥታ የጎረቤቱን ጣራ አነሳች። በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ ስክሪን ምስሉን ብታቀርበው፣ ብታቀርበው፣ ጣራው ላይ የተኛችው ድመት ጢሟ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አባቷን አነሳች፤ በጥፍሩ ሥር የገባው የሰንሰለት ቅባት ሳይቀር ታየ። አባቷ አይቶ እጁን ወደ ኪሱ ከተተና ይሄ ካሜራ ጉድ ያወጣል ብሎ ሳቀ።

ልጆች፣ ይሄ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ላስረዳችሁ። ካሜራው ሆድ ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ እልፍ አእላፍ ትንንሽ ስኒዎች ተደርድረዋል ብላችሁ አስቡ። ስኒዎቹ ሲበዙ ፎቶው ጥቃቅኑን ሁሉ ያሳያል። ግን ቦታው ያው ነውና ሲበዙ ይጠባሉ። ብርሃን እንደ ዶፍ ሲወርድ ሁሉም ይሞላሉ፤ እንደ ካፊያ ሲሆን ግን ጠብ የሚልላቸው የለም። ያን ጊዜ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። አሮጌ ካሜራ ላይ ደግሞ ይሄ ይብሳል።

ንቢት ይሄን አታውቅም ነበር። ደረጃው ሥር ካለችው መስኮት የለሽ ዕቃ ቤት ገብታ ሦስተኛዋን ፎቶ አነሳች። አየቻት። የተሰቀሉት ጎማዎች አሸዋ ውስጥ የተቀበሩ መስለዋል።

ይህችን ካዩማ አይገዙትም፣ አለች በልቧ። ጣቷ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ተጫነው። ፎቶዋ የለችም።

በቀጣዩ ሰንበት ልጆቹ በድመቷ ጢም አበዱ። ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጥያቄ የማያልቅበት፣ ጠያቂው የሚሉት ልጅ ግን «ሦስተኛዋስ?» አለ።

«የፎቶ መያዣ ካርዱ ሞላብኝ።»

«በሁለት ፎቶ?»

«የጋሽ ብልጭታ የድሮ ፎቶዎች ነበሩበታ።»

አያችሁ ልጆች፣ ውሸት ብቻዋን አትሄድም፤ እህቷን ትጠራለች።

እጅ ሁሉ ወጣ፤ ይገዛ ተባለ። መምህርቷ አሁኑኑ ሄደን እንከፍላለን አሉ። ንቢት ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ካሜራውን እንደያዘች እማማ መርፌ ቤት በረረች። እሳቸው ወሬውን ቀድመው ሰምተው ፀጉራቸውን አስበጥረዋል፤ ንጹሕ ሻሽ አስረዋል። አልጋቸው ግን ብርሃን በማይደርስበት ጥግ ነው። ንቢት አነሳቻቸው። እማማ መርፌ ካሜራውን ተቀብለው አቀረቡት፣ አራቁት።

«የእግሬ ሳያንስ ዓይኔም ሄደ ማለት ነው፤ የገዛ ፊቴ ጠፋኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ንቢት ስክሪኑን አየች። የደበቀችው አሸዋ እማማ ፊት ላይ ፈሷል፤ እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ዓይን ጥፋተኛ አድርገዋል።

«ዓይንዎ ደህና ነው እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን መጣሁ።»

ሮጠች። ፎቶ ቤቱ ስትደርስ መምህርቷና ልጆቹ ቀድመዋታል፤ መምህርቷ እጃቸውን ወደ ቦርሳቸው ከትተዋል። ንቢት እያለከለከች አንዱንም ሳታስቀር ተናገረች። ጠያቂው ካርዱ አሁን ጎደለ ወይ ብሎ ሲቀልድ ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አለቀሰች። መምህርቷ እንባዋን ጠረጉላት። ፎቶዋን አጥፍታ መዋሸቷ እንዳሳዘናቸው፣ ሳይከፍሉ መድረሷ ግን እንዳስደሰታቸው ነገሯት።

ጋሽ ብልጭታ ራሳቸውን አከኩ። «መብራቷን ነገርኳችሁ እንጂ ጠባይዋን አልነገርኳችሁም። ይቺ ካሜራ እንደኔ ሽማግሌ ናት፤ ፀሐይ ትወዳለች፣ ጥድፊያ አትወድም። ኑ፣ ሳትገዙ እንሞክራት።»

ባለ ሦስት እግር መቆሚያቸውን ተሸክመው ወደ እማማ መርፌ ቤት ቀደሙ። ልጆቹ ተረባርበው አልጋውን ወደ መስኮቱ ገፉ፤ መጋረጃው ተከፈተ። ካሜራው መቆሚያው ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ብልጭታ ማንም እንዳይንቀሳቀስ አዘዙ። ንቢት እንኳ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች።

ቀጭ።

የእማማ ፊት መስመር ሁሉ ታየ። መርፌ ሲገፋ የኖረው ጣታቸው ጠባሳ ታየ። እማማ መርፌ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ዓይኔ ደህና ነው ለካ። ይቺማ እኔ ነኝ» አሉ።

መምህርቷ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ደጉንም ጉድለቱንም አይተናል፣ አሁንስ እንግዛው ወይ ብለው ጠየቁ። እጆች ወጡ። ጠያቂው ግን ገና ንቢትን ያያታል።

«ካርዱ አልሞላም?»

«አልሞላም» አለች።

«እንግዲያው ሦስተኛዋ ፎቶ ይቺ ናት» አለና እጁን አነሳ።

ልጆች፣ የወደድነውን ነገር ጉድለት ብንደብቅ የምንጎዳው ያመነንን ሰው ነው፤ እውነቱን ስንናገር ግን መፍትሔውን አብረን እናገኘዋለን።