አላውቅም ማለት ያቃተኝ ክረምት

ሮማነወርቅን ያወቅኋት የወፍ ቆሎ የሚሉት ቁጥቋጦ ጠልፎ ይዞኝ ሳለ ነው። 1918 ዓ.ም. ነበር፤ በቡሬ ኬላ ጸሐፊ ነበርኩ። ወደ ሁሩሙ ስሄድ መንገዱን የዘጋው እሾሃም ቁጥቋጦ ኩታዬን ያዘው። በታገልኩ ቁጥር ይብስ ተጠላለፍኩ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ልጅ ሳቋን እየዋጠች መጣች።

«ሱታ» አለች በአገሩ ኦሮምኛ፤ «ቀስ ይበሉ። ሲጎትቱት ይብሳል» አለችኝና ክሩን አንድ በአንድ ከእሾሁ አላቀቀችው። ቀና ስትል ዓይኖቿን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሁሩሙ የሚያስኬድ ጉዳይ አጥቼ አላውቅም።

አባቷ ጋሼ ደርበው ቡና ተካይ ነበሩ። ቁጥቋጦውን አንድ የውጭ ነጋዴ ለአበባው ብሎ ከባሕር ማዶ አምጥቶ በራሱ አጥር ላይ ተክሎት ነበር። ፍሬውን ወፎች በየቦታው ዘሩት፤ የጋሼንም ማሳ ከበበው። እሳቸው በየሰኔው ደቦ ጠርተው ያስመነጥሩታል።

እኔ ደግሞ ይህን ተክል የሚበሉ ተባዮች በሌላ አገር እንዳሉ ሰምቼ፣ ጋምቤላ ያለ ነጋዴ ወዳጄን እንዲያስመጣልኝ ለመንኩት። በ1919 ሰኔ፣ ባሮ ሞልቶ መርከብ ሲገባ፣ ተባዮቹ በሳጥን ደረሱልኝ።

ሮማነወርቅ ጥቂቶቹን ወስዳ ለብቻዋ ሞከረች። ግማሾቹን ደጅ ባለው ቁጥቋጦ ላይ፣ ግማሾቹን ከጣሪያ ሥር ባስቀመጠችው ቅርንጫፍ ላይ አደረገች። በሳምንቱ ጠራችኝ።

«ከጣሪያ ሥር ያሉት ቅጠሉን ጨርሰውታል። ደጅ ያሉት ግን ሻግተው ሞቱ። ከደረቅ አገር ነው የመጡት አላልከኝም? የእኛን ክረምት የሚችሉት አልመሰለኝም።»

«ሲበዙ ይለምዱታል።»

«ታውቃለህ ወይስ ትመኛለህ?»

ከሻገቱት አንዱን በጣቴ ገለበጥኩ።

«እንግዲያው ለአባባ አላውቅም በላቸው። ደቦውን አይተዉ።»

«ሽማግሌ ልልክ እኮ ነው! አላውቅም ብዬ ልጀምር?»

«በእሱ ጀምር» አለችኝ።

አልጀመርኩም። ለጋሼ ደርበው እስከ መስቀል ማሳው እንደሚጸዳ በሙሉ አፌ ነገርኳቸው። አምነውኝ ደቦውን ተዉት፤ እኔም የቀሩትን ተባዮች ማሳውን በከበበው ቁጥቋጦ ላይ ለቀቅኋቸው። ሐምሌ ተባዮቹን ጨረሳቸው። ዝናብ የጠጣው ቁጥቋጦ የሦስት ዓመት የቡና ችግኛቸውን ዋጠው።

ሮማነወርቅ መጥቼ ጥፋቴን ራሴ እንድነግራቸው፣ እሷም ከጎኔ እንደምትቆም ላከችብኝ። የአባቷን ፊት ፈራሁ። ለአለቃዬ አመልክቼ ወደ ጎሬ ተዛወርኩ። በዓመቱ ኡካ ለሚኖር ሰው እንደተዳረች ሰማሁ።

ከስድስት ዓመት በኋላ መቱ ገበያ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። ከስታለች፤ ፈገግታዋ ግን ያው ነው።

«እስከ ጥምቀት ጠበቅሁህ» አለችኝ። «ማሳው አልነበረም ያስቀየመኝ... መቅረትህ ነው።»

«አሁን ሄጄ ብነግራቸውስ?»

«ለአባባ ሂድ። ለእኛ አልፏል።»

በማግስቱ ሁሩሙ ሄድኩ። ጋሼ ደርበው አርጅተዋል። ያኔ ልጃቸው አስጠንቅቃኝ እንደነበር፣ ሳላውቅ አውቃለሁ እንዳልኳቸው ነገርኳቸው። በትራቸውን ተደግፈው ወደ ማሳው ተመለከቱ።

«ችግኙን መልሼ ተክያለሁ፤ ዘንድሮ ፍሬ ሰጥቶኛል» አሉ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ መጥተህ ይህንኑ ብትለኝ፣ ልጄን እሰጥህ ነበር።»

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ሚስት ግን አላገባሁም።