ከአራቱ ትንሹ ቁጥር

የዘበኛው የሽባባው አስከሬን ከዳንግላው የበቆሎ መጋዘን በወጣ በማግስቱ ኢንስፔክተር ማናለብሽ ከእንጅባራ መጣች። መጋዘኑ ለነቀዝ ማጥፊያ መርዛማ ጋዝ ተደርጎበት ተዘግቶ ሰንብቶ ነበር። ሽባባው ለገዢ የሚታይ ናሙና ሊያመጣ ገባ፤ ከመጨረሻው ጆንያ ሥር ወድቆ ተገኘ።

የጋዙ መጠን ማሳያ ላይ ዜሮ አይታ ቁልፉን የሰጠችው የገዛ ልጁ ምሕረት ናት፤ የመጋዘኑ የኮምፒውተር ሠራተኛ። ለቅሶ ቤት እንኳ አላለቀሰችም። አካሏ ሁሉ ደንዝዞ፣ «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?» የምትለውን ብቻ ታመላልሳለች። መቼስ ሐሜተኛ አይጠፋም፤ ዓይኗ አልረጠበም ብሎ ጣቱን ቀሰረባት።

የዳታቤዝ ባለሙያው ዮናዳብ ነገሩን ለኢንስፔክተሯ አስረዳ። አራት መለኪያዎች በየማዕዘኑ ያለውን ጋዝ ለክተው ይልካሉ፤ ዳታቤዙ ከአራቱ ትልቁን ይመርጥና አንድ ቁጥር ብቻ ያሳያል። ትልቁ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ዜሮ ነው። በሽባባው ሞት ዋዜማ ግን አንድ ሰው በምሕረት ስም ገብቶ «ትልቁን ምረጥ» የሚለውን ትእዛዝ «ትንሹን ምረጥ» አድርጎታል። የይለፍ ቃሏ ጠረጴዛዋ ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር እሷም፣ ዮናዳብም፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ አንዳርጋቸውም ያውቁታል።

አቶ አንዳርጋቸው በቆሎ ሊጭኑ የመጡት መኪኖች ሁለት ቀን ቆመው እንደጠበቁ፣ እሱም ግን እንደ ሰው ሁሉ ማሳያውን እንዳመነ ተናገረ። ምሕረት የዚያን ጠዋት ነገር በደረቀ ድምፅ ዘረዘረች፦ ቁልፉን ስትሰጥ አቶ አንዳርጋቸው አባቷን «ጋሽ ሽባባው፣ ከበሩ አጠገብ ብቻ ዘግነው ቶሎ ይውጡ» ብሎታል። ማናለብሽ ይህቺን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«በዚህ መጋዘን ናሙና ከየት ነው የሚዘገነው?» አለች።

«ከመጨረሻው ጆንያ» አለ ዮናዳብ። «የበሩ ጆንያ እየተመረጠ ስለሚደረደር ገዢ አያምነውም።»

«አቶ አንዳርጋቸው፣ እርስዎ ታዲያ ያን ቀን ለምን ከበሩ አሉ?»

አንዳርጋቸው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ሲጀምር ማናለብሽ ቀጠለች፦

«ማሳያውን ያመነ ሰው መጋዘኑ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያስባል። ምሕረት አምናለች፤ ባታምን ቁልፉን ለአባቷ አትሰጥም። በሩ ደኅና፣ ውስጡ ግን ክፉ መሆኑን የሚያውቅ አራቱንም ቁጥር ያየ ሰው ነው። አራቱን አይተው፣ ትንሹን መርጠው፣ ሽማግሌውን ከዜሮው አጠገብ ሊያቆሙት አሰቡ። እሱ ግን የሥራ ሰው ነውና እንደ ልማዱ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያጋለጠዎት የራስዎ ቃል ነው።»

«ዜሮ ካላየች ቁልፉን አትሰጥም» አለ አንዳርጋቸው አንገቱን ደፍቶ። «ለአንድ ደቂቃ ነው ብዬ ነው። የበሩ እኮ ዜሮ ነበር።»

ደጅ ይጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ገብተው ይዘውት ወጡ። ማናለብሽ ወደ ምሕረት ዞራ፣ «ልጄ፣ አንቺ አልገደልሽውም» አለቻት። ምሕረት ራሷን ነቀነቀች እንጂ ምንም አልተሰማትም።

ሥራዋ ነውና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ትእዛዙን ወደ ትልቁ መልሳ የዚያን ጠዋት ውጤት ጠየቀችው። «ሁለት መቶ አርባ» የሚል ቁጥር አሳያት። ብዙ ቆይታ አየችው፤ ያኔ ማየት የነበረባት ቁጥር ይህ ነበር።

«አባዬ፣ ይቆዩ» አለች፤ እንባዋም ያን ጊዜ መጣ።