በሐምሌ ያላደገ በቆሎ

«አምስተኛው ብቻ ነው የቀረኝ» አለች ያምሮት፣ ስልኳን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው እያቀያየረች። «እሱን ከላክሁት አለቀ።»

«ላኪዋ ታዲያ!» ጓደኛዋ ዮርዳኖስ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ቆሎ ትቆረጥማለች። «አራቱን የላከ ጣት አምስተኛው ላይ ምን ያዘው?»

ያምሮት መቀመጥ አልሆነላትም። ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ሰማዩን ታያለች። ሰማዩም እንደሷ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አሁን ፀሐይ፣ አሁን ዳመና። ጠዋት ከመጣላት የድምፅ መልእክት ወዲህ ምሳ እንኳ በወጉ አልበላችም። ሦስት ጊዜ ሰምታዋለች። አሁን ለአራተኛ ጊዜ ከፈተችው።

«ያምሮቴ፣ እንዴት ነሽልኝ?» አለ የሀብትነሽ ድምፅ ከጀርመን አገር፤ ከኋላዋ ባቡር ያልፋል። «ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ እማዬ ሰኞ ከገበዝ ማርያም ትመጣለች። የዓይኗን ሞራ ልትገፈፍ ነው። ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነውና እኔ ቤት ትረፍ። ያችን የኋለኛዋን መኝታ ቤት አሰናጅላት፤ በቪዲዮሽ ሳያት ደረቅና ንጹሕ ናት። ዓይኗ እስኪሽር እርጥበትና አቧራ አይንካት ተብሏል። ሁለተኛ...» እዚህ ላይ ሀብትነሽ ትስቃለች፤ «እማዬ ቪዲዮዎቹን በጎረቤት ልጅ ስልክ አይታ፣ በቆሎው ወር ሙሉ አንድ ስንዝር አላደገም ትላለች። ለአባትሽ ንገሪው፣ ዩሪያ ይጨምርበት።»

ዮርዳኖስን ቆሎው ትን አላት። «ነቄ! እማሆይ ነቄ ብለዋል! ተበላን በይኛ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀብትነሽ ሃምቡርግ ውስጥ አረጋውያን እየጦረች፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ባለ አራት ክፍል ቤት ሠራች። ሠርታ ግን አንድ ክረምት እንኳ ሳትከርምበት ተመልሳ ሄደች። ቁልፉን ለጎረቤቷ ለአድማሴ፣ ለያምሮት አባት፣ ሰጠች። አድማሴ በሰፈሩ በሦስት ሰው ቤት ቁልፍ የታመነ ሰው ነው፤ አንድ ማንኪያ ጠፋብኝ ያለው የለም፤ በዚህም ትንሽ ይኮራል፤ እንዲያውም ትንሽ አይደለም። ነገር ግን አይሱዙውን ይዞ ቡሬና መራዊ ሲመላለስ ነው የሚውለው። ስለዚህ የሀብትነሽ ቁልፍ ወደ ልጁ ተላለፈ፤ ሀብትነሽ በእጇ ከጻፈችው ወረቀት ጋር። የተዘጋ ቤት ይታፈናልና መስኮቶቹን ክፈቺ ይላል ወረቀቱ። ቧንቧዎቹን ለቀቅ አድርጊያቸው፤ አቮካዶዋን ኮትኩቻት፤ ከሁሉም በላይ፣ ክረምት ሳይገባ አሸንዳውን ከቅጠል ጥረጊ፤ ያ ግራቪሊያ ቅጠሉን የሚያራግፈው ጣራው ላይ ነው። ከዚያ በየቅዳሜው ቪዲዮ ላኪልኝ።

ያምሮት ስድስት ወር አንድ ቅዳሜ አላጎደለችም። ሰኔ ሲመጣ ግን የስምንተኛ ክፍል ፈተና አብሮ መጣ። ለሂሳብ ካልሆነ በቀር ለማንኛውም ነገር ፈጣን የሆነችው ዮርዳኖስም መላ አገኘች፤ አምስት ቅዳሜን በአንድ ቅዳሜ መቅረጽ።

ልብስ በፌስታል ተሸክመው መጡ። አንዱን በዩኒፎርም፣ አንዱን በነጠላ፣ አንዱን በዮርዳኖስ ጃኬት ቀረጹ። አራተኛውን፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ጃንጥላ ዘርግተው። የጃንጥላዋ ነገር ዮርዳኖስን ራሷን አስገርሟት ነበር። ለአምስተኛው የያምሮትን ሹሩባ ፈትተው እንደገና ጎነጎኑት። ልብስ ቀየሩ፣ ጫማ ቀየሩ፣ ፀጉር ቀየሩ። ታዲያ ፍኖተ ሰላም ላይ ክረምት ሲገባ እስከ መስኮት ሥር በቆሎ የማይዘራበት ግቢ የለም፤ የሀብትነሽንም ግቢ አድማሴ መሬት ጦም አይደር ብሎ ዘርቶበታል። በዚያ ቀን በቆሎው ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። በአምስቱም ቪዲዮ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ዛሬ ያምሮት አጠገቡ ብትቆም ደረቷ ጋ ነው።

ሀብትነሽ በሁለት ዓይኗና በመነጽሯ ያላየችውን እናቷ እማሆይ አስካለ ማርያም በአንድ ዓይናቸው አዩት። አርባ ዓመት ያረሰ ሰው የቤቱን ቀለም ትቶ የሚያየው ሰብሉን ነው።

ፈተናው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ያምሮት ግን አንዴ መቅረት ስትጀምር ሁለተኛው ቀለላት፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ መሄዱ ከበዳት። ቁልፉን ከቤታቸው ግድግዳ ሚስማር አውርዳ ወደዚህ በረንዳ የመጣችው ዛሬ ነው።

«በይ ክፈችውና መኝታ ቤቱን እንይ» አለች ዮርዳኖስ።

በሩ ተነፋፍቶ አልከፈት አለ፤ በትከሻ ገፉት። ቤቱ እርጥብ ጆንያ ጆንያ ይሸታል። የኋለኛዋ መኝታ ቤት ሲደርሱ ሁለቱም ቀና ብለው ቀሩ። ኮርኒሱ መካከል ላይ እንደ እርጉዝ ፍየል ሆድ ወርዷል። ዙሪያውን ቡናማ ሆኗል፣ ጥግ ጥጉን ሻጋታ ይዞታል። አምፖሉ ከተሰቀለበት ገመድ ጫፍ ላይ ውሃ ጠብ... ጠብ... ይላል።

«ወይኔ» አለች ያምሮት።

«ሼም ነው» አለች ዮርዳኖስ በሹክሹክታ፤ ቤቱ እንዳይሰማት ይመስል። ግን ወዲያው ነቃ አለች። «ቆይ፣ ቆይ። አንድ በአንድ። መጀመሪያ በቆሎውን እንጨደው።»

«ምን?»

«ላም ገብታ በላችው እንላለን! የሌለ በቆሎ አደገ አላደገ አይባልማ።»

«የማን ላም?»

«የመንገድ ላም ናታ! እዚህ አገር ላም ጠፍቶ ያውቃል?»

ያምሮት መላው እብደት መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም እግሯ ወደ ዕቃ ቤት ሄዶ ማጭድ ይዞ ተመለሰ፤ የተጨነቀ ሰው እጁ ሥራ ይወዳል። አንዱን አገዳ ያዘችና ቆረጠችው። ቅጠሉ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። አባቷ ከመንገድ በመጣ ቁጥር ድካሙን ሳይጨርስ ነው ያረመው። ሁለተኛውን እንደ ያዘች ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ሃሎ! የአድማሴ ልጅ አይዶለሽ?» አለ የአሮጊት ድምፅ፣ ስልክ ሳይሆን ሸለቆ ማዶ የሚጣራ እየመሰለ።

«ነ... ነኝ። እማሆይ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ይመስገነው። ሰኞ መምጣቴ ነው እንግዲህ። ለመሆኑ በቆሎው እንዴት ሆነ?»

ያምሮት ማጭዱን ከጀርባዋ ደበቀችው፤ እማሆይ ገበዝ ማርያም ሆነው የሚያዩት ይመስል። «ደኅና ነው እማሆይ።»

«ጎሽ። እኔማ በአንድ ዓይኔ ያየሁት ነው፣ ተሳስቼ ይሆናል። ወይም ድንክ ዘር መጥቶ ይሆን? ዘንድሮ የማይመጣ የለም። በሐምሌ ቁሞ የሚቀር በቆሎ ስላላየሁ ነው። እውነት ከሆነማ ዘሩን አንድ እፍኝ ትሰጭኛለሽ፤ ለጉድ አስቀምጠዋለሁ።»

ዮርዳኖስ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትንፈራፈራለች። ያምሮት አልሳቀችም።

«ለሀብቴ አላደገም አልኋት እንጅ ሌላ አልጨመርሁም» አሉ እማሆይ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «እሷ ምን ታድርግ? ሩቅ ያለ ሰው እንደ ነገሩት ነው የሚያድር። በይ ልጄ፣ ደኅና ዋይ።»

ስልኩ ተዘጋ። ያምሮት ማጭዱን መሬት ላይ ጣለችና ወደ መሰላሉ ሄደች።

«ወዴት ነው?»

«ያዥልኝ። አጥብቀሽ ያዥ።»

አሸንዳው ቅጠል ብቻ አልነበረም። የበሰበሰው የግራቪሊያ ቅጠል አፈር ሆኖ ሣር አብቅሏል፤ መውረጃው አፍ ላይ የፈነዳ የፕላስቲክ ኳስ ተሰንቅሯል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ሥር ወደ ኮርኒሱ ገብቷል። ያምሮት በእፍኟ እየዛቀች ወረወረችው። ግማሹ ዮርዳኖስ ራስ ላይ አረፈ።

«አቦ! ዛሬ ነው የተሠራሁት!»

«ሹሩባ በአንድ ቀን ሁለቴ መሥራት ታውቂበት የለ?»

ኳሱን ስትነቅለው ተጠራቅሞ የቆየው ጥቁር ውሃ በመውረጃው እየተንዶቀዶቀ ወረደ። ካፊያ ጀመረ፤ ያምሮት እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ ወረደች። አዲሱ ውሃ በአሸንዳው አልፎ አቮካዶዋ ሥር ሲፈስ ሁለቱም ቆመው አዩት። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ወር ሙሉ የሸሸችው የአንድ ሰዓት ሥራ።

«በቃ!» ዮርዳኖስ እጇን አጨበጨበች። «ተጠገነ። አሁን አምስተኛውን ላኪው። ለእማሆይ የፊተኛውን ክፍል ስጫቸው፤ ዓይናቸው ይታሸጋል፣ ኮርኒስ አያዩ። ሀብትነሽ የምትመጣው ለዓመት ነው፤ እስከዚያ ኖራ እንቀባዋለን። ማን ያውቃል?»

መጥፎ መላ አልነበረም፤ የዮርዳኖስ መላ መጥፎ ሆኖ አያውቅም። ያምሮት ስልኩን አወጣች። አምስተኛው ቪዲዮ እዚያው አለ፤ በአዲሱ ሹሩባ ፈገግ ያለች ያምሮት «እትዬ ሀብትነሽ፣ ሁሉም ሰላም ነው» ልትል ተዘጋጅታለች። ጭቃ የነካው አውራ ጣቷ መላኪያው አጠገብ ደረሰ። ቢታወቅ ሀብትነሽ ቁልፉን ከአባቷ ትቀማለች። አባቷ ምንም አይላት ይሆናል። ሚስማሩን፣ ቁልፉ የነበረበትን ባዶ ሚስማር፣ እያየ ምሳውን ይበላል። እሱ ነው የሚከፋው።

«ላኪው እንጅ» አለች ዮርዳኖስ።

«ቆይ።»

መጀመሪያ ወደ ቆጣሪው ሄዳ መብራቱን ከብሬከሩ አጠፋችው፤ ያ የሚያንጠባጥብ ገመድ ከሁሉ በላይ አላማራትም። ከዚያ ወደ ኋለኛዋ ክፍል ተመለሰች። የፍራሹን ላስቲክ ሳትገልጥ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተጋደመች።

«አበድሽ እንዴ? ምን እያደረግሽ ነው?»

ያምሮት አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችው። በሌላው ኮርኒሱን አየችው። ጠብ አለ፤ ጉንጯ አጠገብ። የፊተኛዋም ክፍል ብትሆን ያው አንድ ጣራ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ሻጋታ «በር ዘግተህ እዚያው ቅር» አይባል። ደግሞ ያንን አገዳ እንኳ መልሳ መትከል አትችልም።

ተነሥታ ተቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ቪዲዮውን ትታ የሀብትነሽን ስም ነካች፤ በምስል መደወያውን።

«ያምሮት! ዋ!» ዮርዳኖስ ወደ በሩ አፈገፈገች። «እኔ የለሁበትም ልበል?»

«የለሽበትም በይ።»

ዮርዳኖስ ደጃፉ ላይ ትንሽ አመነታች። ወጣ አለች፣ ተመለሰች። ከዚያ ከካሜራው ዕይታ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር፣ ተቀመጠች።

ስልኩ ጠራ፣ ጠራ። በአራተኛው ላይ የሀብትነሽ ፊት መጣ፤ የሥራ ልብስ ለብሳለች፣ በእጇ ዳቦ ይዛለች።

«እንዴ፣ ያምሮቴ! ዛሬ በቀጥታ? ምን ተገኘ? ፊትሽስ ምነው ጭቃ በጭቃ ሆነ?»

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ጊዜ አለዎት?»

«ዕረፍት ላይ ነኝ። እማዬ ደኅና ናት?»

«እማሆይ ደኅና ናቸው። በቆሎውም አድጓል።» ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበች። «ሰሞኑን የላክሁልዎት የሰኔ ነው፤ አራቱም የአንድ ቀን ናቸው። ይኸኛው ግን የዛሬ ነው።»

ካሜራውን አዞረችና ስልኩን ወደ ኮርኒሱ አነሣችው። በሁለት እጇ ደገፈችው። ከኮርኒሱ አንድ ጠብታ እጇ ላይ አረፈ። ያምሮት ስልኩን አላወረደችም።