የሁለት ሰው ቋንቋ

ዘሊካ ልጇ ኢስራ ትታው የሄደችውን ደብተር ጀዊሪያ ጉልበት ላይ አስቀመጠችና የመጨረሻውን ገጽ በጣቷ ተጫነችው። ጣቷ አፈር እንደያዘ ነው፤ በቀጥታ ከሽንኩርት ማሳ መምጣቷ ነበር።

«አንብቢልኝ፣ ግራዬ።»

ጀዊሪያ አራቱን መስመሮች በዓይኗ ካለፈች በኋላ ደግማ ከላይ ጀመረቻቸው። ከደጅ የቆቦ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል።

«ረዲ ሞባይል ቤት ላለው ልጅ ወስጄለት ነበር» አለች ዘሊካ። «ፊደሉን ያነበንባል እንጂ ምኑም አልገባው። ‹የእንቁራሪት ተረት ነው እትዬ፣ የልጅ ጨዋታ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። ኢስራ ‹ጎብዬ አክስቴ ጋ ሽንኩርት ነቀላ ላግዝ› ብላኝ ነው የወጣችው። ዛሬ ሁለት ቀኗ። ጠዋት ብደውል አክስቷ ዓይኗንም አላየች።»

«የእንግሊዝኛ ክበብ የቤት ሥራ ነው» አለች ጀዊሪያ።

ውሸቱ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ከወጣ በኋላ ግን መልሳ ልትውጠው አልቻለችም።

ነገሩ የተጀመረው ኢስራና ጀዊሪያ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ነበር። መምህር ሙሉጌታ ከኢንተርኔት ያወረዱትን ወረቀት ክበቡ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። በአንድ በኩል የአሜሪካኖች የአራዳ ቃላት፣ በሌላ በኩል የእንግሊዞች። የለንደን ሰፈርተኞች አንድን ቃል መደበቅ ሲፈልጉ ቤት የሚመታለትን ሌላ ነገር ይጠራሉ። ፎን ለማለት «ዶግ ኤንድ ቦን»፣ ሮድ ለማለት «ፍሮግ ኤንድ ቶድ»። ውሻና አጥንት ስልክ ይሆናል፤ እንቁራሪትና ጉርጥ መንገድ። ጓደኛቸውን፣ ሜት የሚሉትን፣ «ቻይና ፕሌት» ይሉታል።

«የአሜሪካኖቹ ለጉራ፣ የእንግሊዞቹ ለምስጢር» አለች ኢስራ በዚያው ቀን።

የክፍሉ ልጆች ለሳምንት ያህል «ዋትስ አፕ ብሮ» ሲባባሉ ከርመው ሰለቻቸው። ሁለቱ ግን ደብተር ገዙ። የራሳቸውንም ጨመሩበት፤ ጎረቤት ከተማዋን ዋጃን «ስጋጃ» አሏት። ኢስራ ይህቺን ያገኘቻት ባጃጅ ውስጥ ነበር፤ ሳቋ ሲፈነዳ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ዮናስ የሚባል የክፍላቸው ተራቢ ባያቸው ቁጥር «እንግሊዞቹ መጡ! ሻይ በወተት አቅርቡላቸው!» ይል ነበር።

በጨዋታ የማያነሱት ቃል አንድ ብቻ ነበር። እንግሊዞቹ ዴድ ላለማለት፣ ሞተ ላለማለት፣ «ብራውን ብሬድ» ይላሉ፤ ቡናማ ዳቦ። እንዳለው የሚባል የጎረቤታቸው ልጅ በአፋር በረሃ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ሲል ቀረ። መርዶው የመጣ ዕለት ሁለቱም «ሞተ» ማለት አቃታቸው። ኢስራ ደብተሩን አወጣችና «ብራውን ብሬድ» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ የልጁን ስም። ከዚያ ወዲህ ያንን ገጽ አልፈው ነው የሚገልጡት።

የተማማሉትም ያን ዕለት ነው። «በአላህ እንዲህ በቀላሉ አይማልም» አለች ኢስራ። «በጠባነው ጡት ይሁን። ይህን ቋንቋ ለሌላ የፈታች፣ ጡቱ ይፍረድባት።»

ጡቱ የዘሊካ ነበር። ጀዊሪያ ስትወለድ እናቷ መይሙና ታማ ተኛች፤ አራስ የነበረችው ዘሊካ ቀኙን ጡት ለኢስራ፣ ግራውን ለጀዊሪያ ሰጥታ ሁለቱን አሳደገች። «ግራዬ» የምትላትም ለዚህ ነው።

አሁን ጀዊሪያ ደብተሩን ይዛ አንድ ነገር ትጠብቃለች። ዘሊካ «ባጠባሁሽ!» እንድትላት። በሰፈራቸው ይህ ቃል የማይከፍተው አፍ የለም። ብትላት፣ መሐላው ተገዶ ፈረሰ እንጂ ጀዊሪያ አላፈረሰችውም። ኢስራም አንድ ቀን ይቅር ትላት ይሆናል።

ዘሊካ ግን አላለችም። ወለሉን ተደግፋ ተነሣች።

«እሺ። የቤት ሥራ ከሆነ ይሁን። ‹እማን አደራ› የምትል ነገር ግን መሐሉ ላይ ሰምቻለሁ። የቤት ሥራ ላይ እናት አደራ ይባላል?» ከያዘችው ፌስታል ሽንኩርት እያወጣች ጥግ ላይ ደረደረች። «ይሄን ለመይሙና ስጪልኝ። ፊትሽ ገርጥቷል፤ ምሳ በልተሻል?»

ጀዊሪያ ሽንኩርቶቹን አየች፤ ጭራቸው ተቆርጦ፣ አፈራቸው ተራግፎ ነበር። ልጇ የጠፋባት ሴት ለሰው ቤት የሚሄደውን ሽንኩርት አጽድታ ነው የመጣችው።

«እማ፣ ተቀመጪ።»

ዘሊካ ሳታንገራግር ተቀመጠች። ጀዊሪያ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደረገች። ይህን ቋንቋ በምድር ላይ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ከዚህ በኋላ አንድም አይኖርም።

«‹እስከ ቅዳሜ ማታ ዋጃ ነኝ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ› ይላል።»

«ቅዳሜ ዛሬ ነው» አለች ዘሊካ።

«‹ከዚያ ረጅሙ መንገድ።›»

ዘሊካ የትኛው መንገድ ብላ አልጠየቀችም። ልጇ በዚያው መንገድ የቀረባት የእንዳለው እናት ቤት ከእሷ ቤት አጥር ይጋራል።

«ሦስተኛው አንቺን አደራ የሚለው ነው።»

«የመጨረሻውስ?»

የመጨረሻው መስመር «ብራውን ብሬድ አልሆንም፤ አታልቅሺ» ይላል። ኢስራ ለእንዳለው ብቻ ተጽፎ የቀረውን ቃል ከዚያ ገጽ አውጥታ ለራሷ ተጠቅማበታለች። ጀዊሪያ ጣቷን ከቃሉ ላይ አላነሣችም።

«‹አታልቅሺ› ነው የሚለው፣ እማ።»

ዘሊካ አላለቀሰችም። ሻሿን ፈትታ መልሳ አጥብቃ አሰረች፤ የእጇን አፈር በቀሚሷ ጠረገች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ፣ ግራዬ። ኢስራን ‹ሰው አይቶሽ ነገረኝ› እላታለሁ። አንቺን አላነሣም።»

ከአስፋልቱ በኩል የሚኒባስ ረዳት «ዋጃ! ዋጃ አላማጣ!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ጀዊሪያ ደብተሩን ዘጋች። የኢስራ ዓይን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እናቷን ሲያይ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ማን ፈታው ብላ መጠየቅ እንኳ አያስፈልጋትም።

«አይ፣ እማ» አለችና ጫማዋን አጠለቀች። «እኔ ነኝ የምነግራት።»